የሚያወድም ድምፅና የሚያይ ዐይን፦ አልትራሳውንድ ዕጢን ለማጥፋት የበቃበት ታሪክ፣ ከቱሎን እስከ ዳላስ

መግቢያ

በሕክምና ታሪክ አንድ የተፈጥሮ ኃይል ከታወቀበት ቀን አንሥቶ ለበሽተኛ እስከዋለበት ቀን ድረስ ያለው ጊዜ አንዳንዴ እጅግ አጭር ነው። የራጅ ጨረር በ1895 ተገኝቶ ገና ዓመት ሳይሞላው በ1896 የነቀርሳ ወይም የካንሰር በሽተኞችን ለማከም ተሞክሯል። የአልትራሳውንድ፣ ማለትም የሰው ጆሮ ሊሰማው ከሚችለው በላይ የሆነው ድምፅ፣ የሄደበት መንገድ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ይህ ድምፅ በብርቱ ኃይል ሲለቀቅ ሕያው ፍጡርን እንደሚገድል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ታወቀ። በአሜሪካ በሰው አካል ውስጥ ያለ ዕጢን እንዲያጠፋ በመንግሥት የተፈቀደው ግን በ2004 ነው። በሁለቱ መካከል ወደ 90 ዓመት የሚጠጋ ዘመን አለ።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ ኃይሉ ታውቆ፣ በሽታውም በሰው ላይ እያለ፣ ሐኪሙ ይህን ያህል ዘመን ምን ሲጠብቅ ኖረ? መልሳችንን ከወዲሁ ለማመልከት ያህል፣ ሐኪሙ ሲጠብቅ የኖረው ዐይንን ነው። የማይሰማው ድምፅ በማይታይ ሥፍራ የሚያደርሰውን ጥፋት የሚያይበት፣ የሚለካበትና በጊዜው የሚያቆምበት ዘዴ እስኪገኝ ድረስ ኃይሉ ለሕክምና ሊውል አልቻለም። ዐይኑ ከተገኘ በኋላም ቢሆን ያልተፈታ አንድ ጥያቄ ቀርቷል፤ እርሱንም ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ነገሩ በዳላስና በፎርት ዎርዝ፣ በጋርላንድም ሆነ በፕሌኖ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ከቤታችን ርቆ ያለ ጉዳይ አይደለም። የዚህ ታሪክ አንድ ምዕራፍ የተጻፈው እዚሁ ዳላስ ውስጥ ነው። ደግሞም በ1980ዎቹ በወጣትነቱ ወደዚህ አገር የገባው ትውልድ ዛሬ እንዲህ ያሉት በሽታዎች በሚበረቱበት ዕድሜ ላይ ይገኛል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ኃይሉ የታወቀበት ዘመን

የነገሩ መነሻ በ1880 በፓሪስ የተደረገ ግኝት ነው። ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች አንዳንድ የድንጋይ ብርጭቆዎች ሲጨመቁ የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚያመነጩ አገኙ፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው ደግሞ እንደሚኮማተሩና እንደሚለጠጡ ብዙም ሳይቆይ ተረጋገጠ። በፍጥነት የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ የተሰጠው ብርጭቆ በዚያው ፍጥነት ይርገበገባል፤ እርግብግቢቱም ድምፅ ይሆናል። የኩሪ ተማሪ የነበረው ፖል ላንዥቫን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመንን ሰርጓጅ መርከቦች በድምፅ ማስተጋባት ለማግኘት ሲጥር በዚሁ ግኝት ተጠቀመ። በቱሎን የባሕር ኃይል ሠፈር ባደረገው ሙከራም ከዓላማው ውጭ የሆነ ነገር አስተዋለ። በድምፁ ጨረር መንገድ ላይ የገቡ ዓሦች ይሞቱ ነበር፤ እጁን ወደ ውኃው የነከረ ሰውም ብርቱ ሕመም ይሰማው ነበር።

ይህን ምልከታ በሥርዐት ያጠኑት በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ የነበረው ሮበርት ዉድና በኒው ዮርክ አቅራቢያ በተክሲዶ ፓርክ የራሱን ቤተ ሙከራ ያቋቋመው ባለጸጋ አልፍሬድ ሉሚስ ናቸው። በ1927 ባሳተሙት ጥናት ብርቱው ድምፅ ዓሦችንና እንቁራሪቶችን እንደሚገድል፣ የደም ቀይ ሕዋሳትንም እንደሚሰባብር አስረዱ። ይሁን እንጂ የእነርሱ ድምፅ ያገኘውን ሁሉ የሚመታ ነበር። በ1942 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጆን ሊንና ባልደረቦቹ ድምፁን በጎድጓዳ ምንጭ አማካይነት በአንድ ነጥብ ላይ ሰበሰቡት። በከብት ጉበት ላይ በሞከሩት ጊዜም ከላይ ያለው ሥጋ ሳይጎዳ በውስጥ የተመረጠው ሥፍራ ብቻ ተቃጥሎ ተገኘ። ሳይቆርጡ ማቁሰል የሚቻል መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ከዚህ በኋላ ነቀርሳን በድምፅ ማጥፋት ቅርብ የሆነ መስሎ ነበር። በአውሮፓ፣ በተለይም በጀርመን፣ ጥቂት ሐኪሞች በሰው ላይ እስከመሞከር ደረሱ። ነገር ግን ድምፁ የት እንዳረፈና ምን ያህል እንዳቃጠለ ሳያውቁ የሚያደርጉት ሙከራ ስለነበረ ውጤቱ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሆነ። በ1949 በኤርላንገን ከተማ የተሰበሰበው የአልትራሳውንድ ሕክምና ጉባኤም ድምፁን በነቀርሳ ላይ መጠቀሙ እንዲቀር ወሰነ። ኃይሉ በእጃቸው ነበር፤ የሚመራው ዐይን ግን አልነበረም።

ድምፁ ዕጢን የሚጎዳው እንዴት ነው?

ወደ ቀጣዩ ዘመን ከመሻገራችን በፊት የጥፋቱን ጠባይ መረዳት ይገባል። የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ይሰማል። ዕጢን ለማጥፋት የሚያገለግለው ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 1 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። በሥጋ ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ያህል ስለሚጓዝም የአንዱ ሞገድ ርዝመት 1.5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ሞገዱ እንዲህ ያጠረ ስለሆነ እንደ ብርሃን ሊሰበሰብ ይችላል። ልጆች በማጉያ መስተዋት የፀሐይን ጨረር ሰብስበው ወረቀት ሲያቃጥሉ መስተዋቱ ራሱ እንደማይግል ሁሉ፣ ድምፁም በቆዳ በኩል ሲያልፍ ተበታትኖ ስለሆነ ቆዳውን አያቃጥልም። የሚበረታው በተሰበሰበበት፣ የሩዝ ፍሬ በምታህል ሥፍራ ነው። ነፍሰ ጡሮች በሚመረመሩበት መሣሪያ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ የሚያርፈው አማካይ ኃይል ከ1 ዋት በታች ሲሆን፣ በዚህች ሥፍራ ግን ከ1,000 ዋት በላይ ይደርሳል።

ጥፋቱ በሁለት መንገድ ይደርሳል። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ሥጋው የድምፁን ኃይል ሲውጥ ይግላል፤ የእንቁላል ነጩ በፈላ ውኃ ውስጥ እንደሚረጋ የሕዋሳቱም ፕሮቲን ይረጋል፤ ሕዋሱ ይሞታል። ሳፓሬቶና ዲዊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1984 ለዚህ መለኪያ አበጁለት። በ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 240 ደቂቃ የሚፈጀው ጥፋት፣ ሙቀቱ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሚፈልገው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት በ56 ዲግሪ የሚበቃው 2 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በሚድነውና በሚሞተው ሥጋ መካከል ያለው ድንበር የጥቂት ዲግሪና የጥቂት ሚሊሜትር ጉዳይ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው መንገድ አረፋ ነው። ድምፅ ሥጋውን በየተራ የሚጨምቅና የሚለጥጥ ነውና፣ የመለጠጡ ኃይል ከመጠን ሲያልፍ በሥጋው ፈሳሽ ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠራሉ። እነርሱም ሲያብጡና ሲፈነዱ በዙሪያቸው ያሉትን ሕዋሳት ይቀዳድዳሉ። ይህ ጥፋት ሙቀት ሳይጨምር ሊደርስ ይችላል፤ ለረጅም ዘመንም ሐኪሞች የሚፈሩት እንጂ የሚፈልጉት አልነበረም።

ሁለቱም መንገዶች የጋራ እንቅፋት አላቸው። አጥንት ድምፁን ይውጣል፤ አየር ደግሞ ይመልሰዋል። ስለዚህ ሳንባና አየር ያለበት አንጀት ለዚህ ሕክምና አይመቹም፤ ከጎድን አጥንት በስተኋላ የተደበቀ ዕጢም ያስቸግራል። ከዚህም ሌላ በትልልቅ የደም ሥሮች አጠገብ የሚወርደው ደም ሙቀቱን እያጠበ ስለሚወስድ በዚያ ያለው ዕጢ በሚገባ ሳይበስል ሊቀር ይችላል።

ዐይን የተገኘበት ዘመን

በ1950ዎቹ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዊልያምና ፍራንሲስ ፍራይ የተባሉት ወንድማማቾች የተሰበሰበ ድምፅ በአንጎል ውስጥ ለማሳረፍ ቻሉ። ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ጋር በመተባበርም የፓርኪንሰን በሽተኞችን አከሙ። ሆኖም ድምፁ አጥንት ስለማያልፍ የራስ ቅሉን መክፈት ግድ ሆነባቸው፤ ነጥቡንም ያነጣጠሩት በራጅ ፎቶግራፍ ላይ ተመሥርተው ነው። ሥራቸው ቢደነቅም በብዙ ሆስፒታል ሊዛመት አልቻለም። በ1980ዎቹ የኒው ዮርክ ሐኪሞች የዐይን ግፊት በሽታን በድምፅ ማከም ሲጀምሩ የተሳካላቸውም ዐይን በቀላሉ የሚታይ ብልት በመሆኑ ነው።

በጥልቅ የተሰወረውን ሥጋ ለማየት ሁለት ነገሮች መገናኘት ነበረባቸው። አንደኛው ድምፁን በረቂቅ መንገድ የሚያዝ የኤሌክትሮኒክስ ጥበብ ነው። በዚህ ረገድ ዳላስ ሐኪም ሳታሰማራ ገና ባለውለታ ነበረች። በመስከረም 1958 የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ መሐንዲስ የነበረው ጃክ ኪልቢ በዚችው ከተማ ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን በአንድ ቁራጭ ላይ አዋሕዶ አሳየ፤ ለዚህም ሥራ በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ዛሬ የራስ ቅል ሳይከፈት አንጎልን ለማከም የሚያገለግለው መሣሪያ 1,024 ጥቃቅን የድምፅ ምንጮች አሉት። የአጥንቱ ውፍረት በየቦታው ስለሚለያይ ለእያንዳንዱ ምንጭ የሚነሣበት ቅጽበት በተለይ ይሰላለታል። የተዋሐደ የኤሌክትሮኒክስ ዑደት ባይኖር ይህ ባልታሰበ ነበር።

ሁለተኛውና ዋነኛው ኤም አር አይ የተባለው የመግነጢስ ምስል ነው። የሥጋ ውኃ በመግነጢስ ውስጥ የሚሰጠው ምልክት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ከ100 ሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ይለወጣል። ለውጡ እጅግ ጥቂት ቢሆንም መሣሪያው ይለካዋል። ስለዚህ ኤም አር አይ ዕጢውን ከማሳየት አልፎ በአካል ውስጥ ሳይገባ የሚለካ ቴርሞሜትር ሆነ። በ1990ዎቹ ኩሌርቮ ሂኒነንና በቦስተን የብሪገም ሆስፒታል የነበረው ፈረንጽ ዮለስ ይህን ዐይን ከተሰበሰበው ድምፅ ጋር አጋቡት። በዚያው ዘመን መገባደጃ በቻይና የቾንግቺንግ ሐኪሞች በተለመደው የአልትራሳውንድ ምስል እየተመሩ የአጥንትና የሌሎች ብልቶች ዕጢዎችን ማከም ጀመሩ።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በጥቅምት 2004 የፈቀደው የመጀመሪያው ሕክምና ሴቶች በተለምዶ ማዮማ ለሚሉት፣ ነቀርሳ ላልሆነው የማሕፀን ዕጢ ነው። ማዮማ በጥቁር ሴቶች ላይ የሚበረታ፣ ብዙዎቹንም ማሕፀናቸውን በቀዶ ጥገና እንዲያጡ ያደረገ ሕመም ስለሆነ ይህ ለእኛም እናቶችና እኅቶች ትርጉም ነበረው። በ2012 ወደ አጥንት የተዛመተ ነቀርሳ የሚያመጣውን ሥቃይ ለማስታገሥ፣ በ2016 ደግሞ እጅ ለሚያንቀጠቅጥ በሽታ ተፈቀደ።

የዳላስ ምዕራፍ

በ1943 በዳላስ የተመሠረተው የሕክምና ትምህርት ቤት፣ የዛሬው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሳውዝዌስተርን፣ ወደዚህ ታሪክ የገባው በፕሮስቴት በኩል ነው። ራጂቭ ቾፕራ የተባለው ተመራማሪ ከማይክል ብሮንስኪል ጋር በቶሮንቶ የሰኒብሩክ ሆስፒታል የቀየሰው ዘዴ ነበረ። ቾፕራ በኋላ ወደ ሳውዝዌስተርን መጥቶ በተሰበሰበ ድምፅ ላይ የሚያደርገውን ምርምር በዳላስ ቀጠለ። በዘዴው መሠረት 10 የድምፅ ምንጮች የተደረደሩበት ቀጭን ዘንግ በሽንት ቧንቧ በኩል ወደ ፕሮስቴቱ ይገባል። ድምፁ በዚህ ጊዜ በአንድ ነጥብ አይሰበሰብም፤ ዘንጉ በዝግታ እየዞረ ከውስጥ ወደ ውጭ ይጠርጋል። ኤም አር አይ በየጥቂት ሰከንዱ ሙቀቱን ይለካል፤ ኮምፒዩተሩም በልኬቱ መሠረት ኃይሉን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። የሽንት ቧንቧውና ደንዳኔው እንዳይቃጠሉ ቀዝቃዛ ውኃ ይዘዋወርባቸዋል። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ዐይንና ኃይል ይህን ያህል የተሣሠሩበት ጥቂት ነው።

የመሣሪያው ዋና ሙከራ በ5 አገሮች በሚገኙ 13 ተቋማት በ115 ወንዶች ላይ ሲደረግ ሳውዝዌስተርን አንዱ ተሳታፊ ነበር፤ ዶክተር ያይር ሎታንን የመሳሰሉ ሐኪሞቹም በ2021 ከታተመው ጥናት ጸሐፊዎች ውስጥ ናቸው። ውጤቱን በጥንቃቄ ማንበብ ይጠቅማል። ፒ ኤስ ኤ የተባለው የደም ምርመራ ቁጥር በአማካይ በ95 በመቶ ወረደ። የፕሮስቴቱም መጠን ከ37 ወደ 3 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አነሰ። ብርቱ የጎንዮሽ ጉዳት የደረሰባቸው 8 በመቶ ሲሆኑ፣ በደንዳኔ ላይ የደረሰ ጉዳት አልነበረም። ከሕክምናው በፊት ለሩካቤ የሚበቃ ኃይል ከነበራቸው 92 ሰዎች 69ኙ በዓመቱ ይህንኑ ይዘው ተገኙ። ነገር ግን በዓመቱ ናሙና ከተወሰደላቸው 111 ሰዎች ውስጥ ምንም ነቀርሳ ያልተገኘባቸው 72ቱ፣ ማለትም 65 በመቶ ብቻ ነበሩ።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ቢል እንወድዳለን። በ95 እና በ65 መካከል ያለው ልዩነት የመላው ታሪክ ቁልፍ ነው። ፒ ኤስ ኤ ጤነኛውም ሆነ የታመመው የፕሮስቴት ሥጋ የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። ሥጋው ሲጠፋ ቁጥሩ ይወርዳል። ከዳር የተረፈች ጥቂት ሥጋ ግን ቁጥሩን ብዙ ሳታንቀሳቅስ ነቀርሳን አቅፋ ልትኖር ትችላለች። ድምፁ የታዘዘውን ሥጋ በሚያስደንቅ ታማኝነት አውድሟል፤ ያልታዘዘበትን ግን ትቷል። ዐይኑ የሙቀትን ድንበር ያያል እንጂ የእያንዳንዱን የነቀርሳ ሕዋስ መኖሪያ አያይም።

የዳላስ ጥናት በፕሮስቴት ብቻ አልተወሰነም። ዶክተር ቲዎዶር ላይች፣ ቾፕራና ባልደረቦቻቸው በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ በልጆች ላይ የሚወጡ ሳርኮማ የተባሉ ዕጢዎች ያሉበትን ሥፍራ በምስል መርምረው ብዙዎቹ በዚህ ድምፅ ሊደረስባቸው እንደሚችል አመለከቱ። በልጅነቱ ጨረር የተቀበለ ሰው ከዓመታት በኋላ በጨረሩ ሳቢያ ለሌላ ነቀርሳ ሊጋለጥ ስለሚችል፣ ጨረር የሌለው መሣሪያ መፈለጉ ምክንያት ያለው ነው።

የስም ነገር

ከላይ ያቆየነው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሥጋን ማውደም በሽታን ማዳን ነውን? በአሜሪካ ሕግ ፊት ይህ በግልጽ ተነሥቷል። በውጭ አገር የሚሠራባቸው የፕሮስቴት መሣሪያዎች ነቀርሳን እንዲያክሙ ይፈቀድላቸው የሚል ማመልከቻ በ2014 ሲቀርብ የአማካሪዎቹ ጉባኤ ማስረጃው አይበቃም አለ። በ2015 መገባደጃ የተሰጠው ፈቃድ የፕሮስቴትን ሥጋ ለማውደም፣ እነርሱ አብሌሽን ለሚሉት ተግባር እንጂ፣ ነቀርሳን ለማከም አልነበረም። በነሐሴ 2019 ከላይ የገለጽነው የዘንግ መሣሪያ የተፈቀደውም በዚሁ ቃል ነው። ከ2015 በፊት ግን ብዙ አሜሪካውያን ገንዘባቸውን ይዘው ወደ ሜክሲኮና ወደ ካናዳ እየተጓዙ ይታከሙ ነበር፤ ማስረጃው ያልደረሰበትን ተስፋ ገበያው ቀድሞት ሄዶ ነበር።

የመጨረሻው እርምጃም ይህንኑ ያጠናክራል። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ኬይንና ባልደረቦቹ ከ2000 ወዲህ፣ ሲፈራ የኖረውን አረፋ ራሱን መሣሪያ አደረጉት። ሂስቶትሪፕሲ የተባለው ይህ ዘዴ እጅግ አጭርና ብርቱ የድምፅ ምቶችን እየላከ ዕጢውን ወደ ፈሳሽ ይፈጨዋል፤ ጠንካሮቹ የደም ሥሮች በአብዛኛው ይተርፋሉ፤ ፈሳሹንም አካል ራሱ ይመጠዋል። በጥቅምት 2023 የጉበት ዕጢን ለማውደም ተፈቀደ። 44 በሽተኞች በተሳተፉበት ሙከራ ዕጢው እንደታሰበው የጠፋው በ95 በመቶ ሲሆን ብርቱ ጉዳት የደረሰው በ3 ሰዎች ላይ ነው። ሆኖም መሥሪያ ቤቱ መሣሪያውን ማንኛውንም በሽታ ለማዳን እንዳልመዘነው፣ የበሽተኛውን ዕድሜ ስለማራዘሙም እንዳልመረመረ በፈቃዱ ላይ አስፍሯል።

መደምደሚያ

አማርኛችን ለዚህ ልዩነት ባዕድ አይደለም። «ታከመ» እና «ዳነ» ሁለት ቃላት ናቸው፤ ሐኪም ያክማል፣ መዳኑ ግን በጊዜ የሚታወቅ ነው። በእንግሊዝኛ የሚነገረንን ወደ ቋንቋችን ስናሻግር ሁለቱን ብናደባልቅ ግን ዋጋ የሚከፍለው በሽተኛው ነው። በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በፕሮስቴት ነቀርሳ የሚሞቱት ከነጮቹ በእጥፍ ገደማ ነው፤ መዝገቡም በአብዛኛው ኢትዮጵያዊውን ከሌላው ጥቁር ለይቶ አይቆጥርም። ስለዚህ በዳላስ ሆስፒታል ለአባቱ ወይም ለታላቅ ወንድሙ የሚያስተረጉም ወጣት «ዕጢው ጠፍቷል» የሚለውን ሲሰማ፣ የጠፋው በምስል የታየው ሥጋ ነው ወይስ በናሙና የተፈተነው ነቀርሳ ብሎ ቢጠይቅ፣ ለዓመታት የሚቀጥለውንም ክትትል ባይተው፣ ለቤተሰቡ ታላቅ ውለታ ይሠራል።

ወደ አገር ቤት ስንመለከት ደግሞ የዐይኑ ዋጋ ጎልቶ ይታያል። የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በመላ ኢትዮጵያ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር፤ ኤም አር አይን ከብርቱ ድምፅ ያጣመረ መሣሪያ ለእንዲህ ያለ አገር የሩቅ ነገር ነው። ሂስቶትሪፕሲ በጉበት ላይ የሚመራው ግን በተለመደው የአልትራሳውንድ ምስል ነው። ያ ምስል በኢትዮጵያ ብዙ ሆስፒታሎች ውስጥ አለ፤ የሚያነቡት ባለሙያዎችም አሉ፤ የጉበት ነቀርሳን የሚያስከትለው የሄፐታይተስ በሽታም በአገሩ ተስፋፍቷል። የ90 ዓመቱ ታሪክ እንደሚያስተምረው መሣሪያ ገዝቶ ማስገባቱ ብቻውን አያደርስም፤ አስቀድሞ ምስሉን የሚያነብ፣ ናሙናውን የሚመረምርና በሽተኛውን ለዓመታት የሚከታተል ሰው ማፍራት ይገባል። ዐይኑ በዚያ ከተዘጋጀ ኃይሉ በደረሰ ጊዜ የሚመራው አያጣም።